ግማሽ መደብ

ባለፈው ሳምንት ናሆም ደወለልኝ። ናሆም ለፋሲካ የቅርጫውን ስም ዝርዝር የሚይዝልን ወጣት ነው። ብዙ ቤተሰብ ሆነን ከገበሬ በሬ እንገዛለን፣ ከመካከላችን አንዱ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ ሥጋው እኩል እኩል ተመድቦ በዕጣ ይወጣል። እዚህ ዳላስ አካባቢ ይህን ማድረግ ከጀመርን ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው። ድሮ ዝርዝሩ በደብተር ነበር፤ አሁን በስልክ ሆኗል።

«እትዬ ዘነቡ፣ ሶ ስንት መደብ ልመዝግብዎት? አንድ? ሁለት?»

«ግማሽ።»

መኪና ውስጥ ነበር፤ የፍሬቻው ድምፅ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። «ፎርሙ እኮ ግማሽ አይቀበልም እትዬ። ሌላውን ግማሽ ማን ይወስደዋል?»

«እስካሁን ጋሽ ታደሰ ነበሩ የሚወስዱት።»

«ነፍሳቸውን ይማር። አሁን የሉማ።»

እውነቱን ነው፤ ጋሽ ታደሰን ባለፈው ጥቅምት ቀበርናቸው። ናሆም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ማለቴ፣ አቅም አንሶ ከሆነ እኛ አለን፤ ምንም አይሳቀቁ።»

«አቅም አላነሰኝም ልጄ። ምክንያቱን ልነግርህ እችላለሁ፣ ግን እየነዳህ ሳለ አይሆንም። ቆመህ ደውልልኝ።»

በልጁ አልፈርድም። ሰው ሁሉ ሙሉ መደብ በሚያስመዘግብበት፣ አንዳንዱም ሁለት በሚልበት ጊዜ ግማሽ የምትል ሴት ሲሰማ ችግር የደረሰባት ይመስለዋል። የደረሰብኝ ነገር ችግር አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ከትልቁ መንገድ ዳር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አፓርትመንት ከባለቤቴ ከከበደና ከልጃችን ከሳሮን ጋር እንኖር ነበር። ከበደ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፣ ሳሮን ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች።

እኔ የወሎ ቆላ ልጅ ነኝ። እህላችን ማሽላ ነበር። ቂጣው ማሽላ፣ ንፍሮው ማሽላ፣ ጠላው ማሽላ፤ እሸት ሲደርስ ደግሞ አገዳውን እየላጥን እንመጠው ነበር። ሥጋ በዓመት ሦስት ጊዜ ከቀመስን ደህና ዓመት ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ዝናቡ ቀረ፤ ትምህርቴም በዚያው ቀረ።

አሜሪካ ስመጣ ከሁሉ የገረመኝ ሥጋው ነው። ቁርስ ላይ ሥጋ፣ ምሳ ላይ ሥጋ፣ እራት ላይ ሥጋ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ። ይህ ነገር አንድ ቀን በድንገት የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሳያልቅ ልጄን ላጥግባት አልኩ። ፍሪዘራችን በሥጋ ከመጠቅጠቁ የተነሣ በሩ አይገጥምም ነበር፤ በገመድ ነበር የማስረው።

ፍርሃቴን የምለካበት ነገርም ነበረኝ። በድርቁ ጊዜ በገባንበት መጠለያ የሕፃናቱን ክንድ ቀለም በተቀባ መለኪያ ይለኩ ነበር። መለኪያው ቀዩ ላይ ከዋለ ልጁን ለብቻው ወደሚመገቡበት ድንኳን ያስገቡታል። ታናሽ ወንድሜ ይመር ቀዩ ላይ ዋለ። አስገቡት፤ ግን ስንደርስ ዘግይተን ነበርና አልዳነም። እኔ ትልቅ ነሽ ተብዬ አልተለካሁም፤ በሩ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። እናት ከሆንኩ በኋላ ከነጠላዬ ጥለት አንድ ቀይ ክር መዘዝኩ። በየእሑዱ በሳሮን ክንድ ላይ አዞረውና የደረሰበት ላይ ቋጠሮ እቋጥራለሁ። ልጅቷ ባደገች ቁጥር ቋጠሮው ወደፊት ይሄዳል።

«ሚዛን አለ እኮ ሴትዮ፤ መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብሏል» ይለኛል ከበደ።

ሚዛኑን አላምነውም። የማምነው ክሩን ነበር።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። ከበደ አነበበልኝ። ልጅቷ ክብደቷ ለዕድሜዋ አንሷል፣ ሐኪም ይያት ይላል። ወሰድናት። ሐኪሙ ደሟን አይቶ ትንሽ አንሷል አለ፤ ሽሮፕ አዘዘላት፣ ብረት ያለበት ምግብ ስጧት፣ ከፋሲካ በኋላ መልሳችሁ አምጧት አለን።

ብረት ያለበት ምግብ ማለት ለእኔ ሥጋ ማለት ነበር። እኛ ሽሮና ምስር እየበላን ለእሷ ለብቻዋ ጥብስ መጥበስ ጀመርኩ። በጾም ቤት ውስጥ ሥጋ መጥበስ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ሽታው መጋረጃው ላይ ይቀራል፣ ኅሊናም ላይ ይቀራል። ጋሽ ታደሰ ያኔ ከእኛ በታች ነበር የሚኖሩት። ታክሲ የሚነዱ፣ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቅርጫውን የጀመሩትና የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። ደረጃው ላይ ስንገናኝ አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

«የሳሮን እናት፣ አንቺ ቤት ፋሲካ ቀድሞ ገባ እንዴ?»

«ለልጅቷ ነው ጋሼ፤ ሐኪም አዞ ነው።»

«ኧረ ምን ብያለሁ? እኔ ሽታው ነው ያስፈሰከኝ።»

የክሩ ቋጠሮ ግን ወደፊት አልሄደም። አንድ እሑድ እዚያው ቋጠሮ ላይ ቆመ። በሚቀጥለው እሑድም እዚያው። ከዚያ አንድ ቀን ቁም ሳጥኗን ሳጸዳ ክፉ ሽታ ሸተተኝ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ስከፍተው በወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ አገኘሁ፤ የትናንቱ፣ የትናንት ወዲያው፣ የሳምንቱ። እኔ በልታ ጨረሰች ብዬ ሳህኗን ሳጥብ እሷ ሥጋውን እየጠቀለለች ታስቀምጥ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ ሳሮን?»

ካርቶኑን ልትዘጋው እጇን ዘረጋች።

«አይጣፍጥም?»

«ይጣፍጣል።»

«ታዲያ?»

ቆጣኋት። ከዚያ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ ምክንያቷን ግን አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጬ ማጉረስ ያዝኩ። ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። በእልህ ሌላውንም ምግብ መተው ጀመረች። እህል የጠፋበት ልጅ ብዙ አይቻለሁ። እህል ቀርቦለት አፉን የሚዘጋ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም፤ ምን እንደሚደረግም አላውቅም ነበር። ሌሊት እየተነሳሁ ክንዷን እዳብሳለሁ።

ለፋሲካ ሁለት መደብ አስመዘገብኩ። የሱፐርማርኬቱ ሥጋ ቢያስጠላት ነው፣ ሜዳ ላይ የዋለ በሬ ትኩስ ሥጋ ሲመጣ ትበላለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅርጫ የወንዶች ነገር ነው። ያን ቅዳሜ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ከበደ ሥራ ስለገባ ድርሻችንን ለመቀበል እኔ መሄድ ነበረብኝ። ልጅቷን የማስቀምጥበት ሰው አልነበረኝምና አብራኝ መጣች። በጋሽ ታደሰ ታክሲ ነው የሄድነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የታደለውን ቄጤማ ሁላችንም ጭንቅላታችን ላይ አስረናል፤ ጋሽ ታደሰ ከቤዝቦል ኮፍያቸው በላይ ነው ያሰሩት። እኔ አክፍሎት ይዣለሁ፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውሃ በአፌ አልዞረም። አክፍሎት የሚከፈለው እሑድ፣ ትንሣኤው ከተበሰረ በኋላ ነው። የዚያን ዓመት ለሳሮን ስል ነበር የያዝኩት። ስእለት ነበር።

በሠላሳ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ገበሬው ወዳለበት ወደ ዴንተን ሽቅብ ወጣን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የመንገዱ ዳር ሰማያዊ አበባ ለብሷል። ነፋሱ ታክሲውን ይገፋዋል። ሳሮን ከኋላ ወንበር በመስኮቱ ታያለች፤ አንገቷ ቀጥኗል፤ ቄጤማው ከጭንቅላቷ እየወረደ በዓይኗ ላይ ይመጣባታል። በመስታወቱ እያየኋት አንገቷን በዓይኔ እለካለሁ።

ገበሬው ረጅም ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፣ ንግግር የማያበዛ። ጭንቅላታችን ላይ ያለውን ሣር አየና ጋሽ ታደሰን በዓይኑ ጠየቃቸው።

«ኢስተር!» አሉት።

«ኢስተር አለፈ እኮ» አለ ሰውየው።

«ያንተ ነዋ ያለፈው» አሉት በእንግሊዝኛ። ሳቀ፤ በሩን ከፈተልን።

በየመኪናቸው የመጡት የቅርጫው ወንዶችና ጋሽ ታደሰ በሬ ሊመርጡ ሄዱ። እኔና ሳሮን በአጥሩ ዳር ቆመን ጠበቅን። አንድ ረጅም የብረት ገንዳ ነበር፤ ከብቶቹ ተሰልፈው አፋቸውን ነክረው ይበላሉ። መጀመሪያ ያወቀው አፍንጫዬ ነው። ከዚያ ተጠግቼ አየሁ። ቀይ ነው፣ ክብ ነው፣ አንዳንዱ ተከክቷል፣ አብዛኛው ሙሉ ፍሬ ነው። ማሽላ። ገንዳው ከዳር እስከ ዳር ማሽላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት ጎታችን ውስጥ የቀረው ማሽላ በቁና የሚሰፈር ነበር። አንድ በሬ ነበረን፣ ቦራ የሚባል። አባቴ ጠዋት ጠዋት እጁን ወደ ጎታው ይሰድና አንድ እፍኝ ያወጣል፣ ፊታችን ለቦራ ይሰጠዋል። እኛ ቆመን እናያለን። ክፉ ሰው አልነበረም። በሬው ከሞተ ለከርሞ የሚያርሰው የለውም፤ ካላረሰ ሁላችንም አለቅን ማለት ነው። የሚያምንበትን ነው ያደረገው። እኔና ይመር ከቦራ አፍ የሚወድቀውን ፍሬ ከመሬት እንለቅም ነበር። እፍ ብለን አቧራውን አራግፈን አፋችን ውስጥ እንጨምራለን። ይመር ከእኔ ይቀድማል፤ ጣቱ ቀጭን ነበር። የሚቀጥለውም ክረምት አልዘነበም። ቦራም ሞተ፤ ለመንገድ የሚሆን እህል ሳይኖረን ወደ መጠለያው ተነሣን።

ዴንተን አጠገብ በዚያ ገንዳ ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ከከብቶቹ አፍ የወደቀ ፍሬ ተዘርቷል። ጎንበስ አልኩ። ለቀምኩ። እፍ አልኩ። አፌ ውስጥ ጨመርኩት። አስቤ አይደለም፤ እጄ የሚያውቀውን ነው የሠራው።

«እማዬ!» ሳሮን ጮኸች። «ጾም ነሽ እኮ! ስፒት አድርጊው! እማዬ፣ ስፒት አድርጊው!»

አልተፋሁትም። አኘክሁት። ደረቅ ነው፣ አፈር አፈር ይላል፣ ከዚያ ከሥሩ ጣፋጩ ይመጣል። የስእለት አክፍሎቴን በከብት መኖ ገደፍኩት።

ጋሽ ታደሰ ጩኸቷን ሰምተው መጡ። «የሳሮን እናት፣ የዕርዱን በሬ ምሳ ትቀሚዋለሽ እንዴ?» አብረዋቸው ያሉት ሳቁ።

ሳሮን እጄን ከፍታ የቀረውን ፍሬ ታያለች። «ምንድን ነው?»

«ማሽላ ነው። እንደ አንቺ ልጅ ሆኜ የምበላው።»

«ላሞቹ ለምን ይበሉታል ታዲያ?»

«እንዲሰቡ ነዋ። ሲሰቡ ሥጋቸው ይበላል።»

ዓይኗ ተከፈተ። «እንደ ኮርኑ ነው!» አለች፤ ያን ሁሉ ሳምንት ያልወጣው ነገር ወጣ። «ቲቸር ኮርን በካፕ በካፕ ደረደረች። ቴብሉ ሞላ። ከዛ እዚህ ጋ ትንሽዬ ሚት አስቀመጠች። ላሟ ይሄን ሁሉ ትበላና ይቺን ትሰጠናለች አለች። ከዛ ቪዲዮ አየን። በጣም ቀጭን ልጆች። አንዱ ልጅ ‹ያንቺ ሀገር ነው› አለኝ። ሶ እኔ ሚት ካልበላሁ ላሟ ኮርኑን አትበላውም። ይተርፋል።»

«ለማን?»

«ለልጆቹ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታለቅሻለሽ ብዬ።»

ተንበረከክሁና ፊት ለፊት አየኋት። ለልጄ ስለ መጠለያው ነግሬያት አላውቅም ነበር። እንዳትፈራ ብዬ ደብቄያታለሁ፤ እሷ ደግሞ እንዳላለቅስ ብላ ደብቃኛለች።

«ሳሮን፣ እንደነዚያ ልጆች ቀጭን የነበርኩት እኔ ነኝ። እናትሽ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አሁን ግን ትንሽ ፋት ነሽ» አለች።

ጋሽ ታደሰ ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ጾም ውስጥ ሳልፈራ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ነው።

«ስሚኝ። ሥጋውን አትብዪ፣ ግድ የለም። እህሉን ግን ትበያለሽ። ማሽላውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን፣ ሽሮፕሽንም። እኔ ያን ጊዜ የበላ ልጅ ሳይ አልተናደድኩም፤ የተናደድኩት እህሉ ሲባክን ነው። አንቺ አፍሽን ዘግተሽ ብትቀጥኚ ለማንም አይተርፍም።»

«አንቺስ ሚት ትበያለሽ?»

ይህን አልጠበቅሁትም። «እቀንሳለሁ» አልኳት።

«ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ።»

ጋሽ ታደሰን ከማሽላው እንዲጠይቁልኝ ለመንኳቸው። ሽማግሌው ፈረንጅ ሰማቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ስንት ከብት አላት ይላል» አሉኝ።

«ለልጅ ነው ይበሉት።»

ጋሽ ታደሰ ግን እንደሱ አላሉም። «አንዲት ጥጃ አለቻት፣ ሥጋ አልበላም ያለች» አሉት በእንግሊዝኛ፤ ሳሮንንም በጣታቸው አሳዩት። ሰውየው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ።

«ሰው ይበላዋል እንዴ?»

«ከከብት በፊት እኛ ነን የምናውቀው ይበሉት» አልኩ። «ደግሞ መድኃኒት ነክቶት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ተባይ እንዳይበላው የሚረጩት ነገር ካለ አልፈልግም።» በደስታዬም ጊዜ ቢሆን ይህን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ሰውየው ወደ ቆርቆሮው ጎተራ ወሰደን። ከታች ያለውን መዝጊያ ሲከፍተው ማሽላው እንደ ውሃ ፈሰሰ። አንድ እፍኝ ይዞ እፍ አለ፣ አፉ ውስጥ ጨምሮ እኔን እያየ አኘከ። ዋጠውም። ከዚያ ንጹሕ ከረጢት ሞልቶ ሰጠኝ። ክፈይ አላለኝም።

በሬው ታረደ። ሥጋው በተነጠፈው ላስቲክ ላይ ተመደበ፤ ከጎኑም ከጭኑም ከጉበቱም ለሁሉም እኩል። በዕጣ አወጣጡ ጊዜ ሁሉም የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ የመኪና ቁልፍ፣ አንዱ እስክርቢቶ። እኔ ለሁለት መደብ የፀጉር ማስያዣና የቤቴን ቁልፍ ሰጥቼ ነበር። ዕጣው ሊጣል ሲል ቁልፌን አነሣሁ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንዱን ትቻለሁ። ከቀረውም ግማሹን ነው የምወስደው።»

«ምን ማለት ነው?» ቢላዋቸውን እየጠረጉ ነበር። «ቅርጫ ላይ ግማሽ የሚባል አለ? በሬ ግማሽ እግር አለው?»

«ሰው የሚፈልገውን ይውሰዳ።»

«እሺ እንደ አንቺ ይሁን። ግን አስቢው እስቲ። ይሄ በሬ እህሉን በልቶ ጨርሷል። አንቺ ሥጋውን ስለተውሽ ማሽላው ከሆዱ ወጥቶ ወሎ ይሄዳል?»

ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እውነት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። አራተኛ ክፍል ያቆመች ሴት ታክሲ ሲነዱ ሬዲዮ ሲሰሙ ከሚውሉት ከጋሽ ታደሰ ጋር ተከራክራ አትረታም። ይሁንና ያኔ መልሱ ራሱ መጣልኝ።

«ለዚህኛው አይደለም ጋሼ። ለከርሞው በሬ ነው የምተወው።»

ጋሽ ታደሰ ቄጤማቸውን አስተካከሉ። «አይ የሳሮን እናት! በይ አንዱን መደብ የሚፈልግ ይውሰደው። በሙሉ መደቤ ፈንታ የቀረውን ግማሽ እኔ ላይ ጻፉት። ሐኪሙም ቀንስ ብሎኛል፤ እምቢ እንዳልለው ነው የመጣሽብኝ።»

በፋሲካ ጠዋት ከበደ ዶሮውን ሲጀምር እኔና ሳሮን በተዘፈዘፈው ማሽላ ላይ ሽምብራ ጨምረን የቀቀልነውን ንፍሮ በአንድ ሳህን አቀረብን። አንድ ፍሬ አነሣች፣ አኘከች። ሌላ አነሣች። ቆይታ በእፍኟ ወሰደች። አጠገቡ ያስቀመጥኩትንም እንቁላል ሳልለምናት በላች። እኔ ጥቂት ሥጋ ቀመስኩ፣ ለበዓሉ። ከዚያ እንደ ልማዴ ክሩን አወጣሁ፤ እሑድ ነውና። ሳሮን ግን ከእጄ ወሰደችው።

«ዛሬ አንቺ ነሽ» አለች፣ ክንዴ ላይም አዞረችው። ሁለት ጫፉ ሊገናኝ አልቻለም። ሳቀችብኝ። ከዚያ ሮጣ ሄዳ የማሽላውን ከረጢት አፍ በእሱ አሰረችው፤ ቋጠሮ ማሰር ከእኔ አይታ ተምራለች። እኔም አልፈታሁትም። ከዚያ ወዲህ ልጄን በክር ለክቼ አላውቅም።

ወደ ሐኪሙ ስንመለስ ደሟ ተስተካክሏል አለን፤ ክብደቷም መጨመር ጀምሯል። ማሽላው ብቻውን አይደለም የሠራው፤ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ሽሮፑም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማዕዱ ላይ ጦርነቱ ስለቀረ ነው። ስለ ተገደፈው አክፍሎቴ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና «ጣፈጠሽ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ» አልኩ። ጥቂት ስግደት ሰጡኝ።

ሳሮን ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ዴንተን ነው የምትኖረው። አልፎ አልፎ ሥጋ ትበላለች፤ ጥቂት። ብዙ ጊዜ ያን ቅዳሜ አስበዋለሁ። ረሃብን ያመጣው ጥብሳችን ነው አልልም። ጦርነት አለ፣ የዝናብ መቅረት አለ፣ መንገድ የሚዘጋ ሰው አለ፤ እኔ ሁሉንም አይቻለሁ። ግን ደግሞ የማውቀውን አውቃለሁ። መሬት ለተጠየቀው ነው የሚያበቅለው። ሁሉም ማዕድ በየቀኑ ሥጋ ካለ መሬቱ ለገንዳው ይታረሳል፤ ገንዳውም ሞልቶ ከአፍ እስኪወድቅ ይሰፈርበታል፣ እህሉን ገዝቶ ለመብላት አቅም የሌለው ግን ከዳር ቆሞ ያያል። አባቴ ከበሬውና ከልጆቹ እንዲመርጥ ተገደደ። በሬውንም ይመርንም አጣ። እኛን የሚያስገድደን የለም። ፍሪዘራችንን በገመድ የምናስረው እኛው ነን።

እኔ ማንንም አልሰበክሁም። በየዓመቱ ግማሽ አልኩ፤ ጋሽ ታደሰ በየዓመቱ እያጉረመረሙ ሌላውን ግማሽ ወሰዱ። እኛን ያየ አንድ ቤተሰብ ግማሽ አለ፤ ከዚያ ሌላ። ሦስት በሬ ይታረድበት የነበረው ቅርጫ ሰው ሳይቀንስ ሁለት የበቃው ዓመትም መጣ። ያን ቀን ጋሽ ታደሰ ደረጃ ሥር ጠብቀውኝ «ያ የከርሞው በሬሽ መጣ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ወጣቶች በዙ፣ ዝርዝሩ ወደ ስልክ ገባ፣ ግማሽ የሚለው ቃል ከፎርሙ ወጣ።

ይህን ሁሉ ለናሆም ነገርኩት። ፓርክ አድርጎ ነበር የሰማኝ። ስጨርስ «ኦኬ እትዬ» ብሎ ብቻ ዘጋ፤ ሰለቸሁት ብዬ አፈርኩ።

ከትናንት ወዲያ መልሶ ደወለ። «እትዬ፣ ፎርሙን አስተካክዬዋለሁ። ግማሽ የሚል ጨምሬበታለሁ። የእርስዎን ሌላ ግማሽ ደግሞ በሙሉ መደቤ ፈንታ እኔ ወስጃለሁ።»

«ባለቤትህን ሳታማክር?»

«ነገርኳት። ‹በሬዎቹ ተገዝተው የለ እንዴ? አሁን ብንቀንስ ምን ይጠቅማል?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ለከርሞው ነው አልኳት።»

ስልኩን ዘግቼ ማሽላውን ልዘፈዝፍ ተነሣሁ።